ከሁለት በር የተረፈ ሞላ

ከሞጣ የወጣሁበት ዋዜማ የመሸብኝ በር ስገጥም ነው። በማግሥቱ ማለዳ ጤፍ የጫነ መኪና በቢቸና አድርጎ ወደ ደጀን ይወርዳል፤ ሹፌሩም ከጆንያው ላይ ቦታ ሰጥቶኛል። ሰው አገሩን ጥሎ ሲሄድ ዘመድ ይሰናበታል፣ ደብሩን ይሳለማል። እኔ ግን አማቴ እማማ ዘነቡ ደጃፍ ላይ ተንበርክኬ የቆርቆሮ በር ማጠፊያ እመታለሁ። የድሮውን የእንጨት በር ምስጥ ጨርሶት ነበርና «ሚስቱንና አማቱን ክፍት ቤት ጥሎ ሄደ» እንዳልባል ብዬ ነው። ሙያዬም ይኸው ነበር። ሞጣ ገበያው ዳር አንድ ብረት ቤት ውስጥ የሱቅ በርና መስኮት እሠራ ነበር፤ አንዳንዶቻችሁ እስካሁን በእኔ በር ትገቡ ይሆናል።

ባለቤቴ ብርቄ ፋኖስ ይዛልኝ ቆማለች። ከተጋባን ገና ብዙ አልቆየንም፤ የምንኖረውም እናቷ ግቢ ውስጥ ነው። እሷ ለእናቷ አንድ ናት። ፋኖሱን ወደ እጄ አስጠግታ፣

«ታከለ፣ እኔ ለቅሶ አልወድም፤ አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ» አለችኝ። «ሁለት ክረምት እጠብቅሃለሁ። ሦስተኛው ሳይገባ ወይ ና፣ ወይ ውሰደኝ። ከዚያ ወዲያ የሰው መሳቂያ ሆኜ አልቀመጥም።»

«እወስድሻለሁ» አልኳት። ምስማር በአፌ ይዤ ስለነበር ቃሉ ደህና ሆኖ አልወጣም፤ እሷ ግን ሰምታለች።

ለምን ሄድክ የምትሉ አትጠፉም። በዚያ ወራት በእኛ በኩል መንገድ የሚቀይስ አንድ ጀርመናዊ ነበር። የመሣሪያ ሳጥኑን ማጠፊያ ብጠግንለት እጄን ወደደውና «ወንድሜ አገር ቤት የጋራዥ በር ይገጥማል፣ ረዳት ይፈልጋል» አለኝ። ደብዳቤ ተጻጻፉ፣ ነገሩ ሆነ። ከዚያ አዲስ አበባ ፓስፖርት ልጠይቅ ሄድሁ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ሹም መልኬንና ወረቀቴን እያፈራረቁ አዩና ምን ልትሠራ ነው አሉኝ። በር ልገጥም አልኳቸው። «አገራችን በር የለም?» አሉ። «አለ ጌታዬ» አልኩ። ምን ልበል? ለሳምንታት የቆምሁት እሳቸው በር ላይ ነበር።

በባቡር ጅቡቲ፣ በመርከብ ፈረንሳይ አገር ማርሴይ ደረስሁ። የአባይ በረሃ ሙቀት ሙቀት መስሎኝ ያደግሁ ሰው ጅቡቲን ሳይ አባይን ይቅርታ ጠየቅሁት። መርከቡ ላይ እማማ ዘነቡ የቋጠሩልኝን በሶ እየበጠበጥሁ ስጠጣ፣ አብሮኝ ያደረ አንድ የመናዊ መድኃኒት መስሎት «ሕመምህ ምንድን ነው?» አለኝ። ከማርሴይ ደግሞ ሌላ ባቡር። እንዲህ እንዲህ ብዬ በደቡብ ጀርመን አንዲት መለስተኛ ከተማ ገባሁ። ብርቄ የሰጠችኝ የመጀመሪያው ክረምት ያለቀው ገና «እንደምን አደራችሁ» ማለትን ስማር ነው።

እነሱ ጋራዥ የሚሉት መኪና የሚጠገንበትን አይደለም፤ መኪና የሚያድርበትን ክፍል ነው። የሞጣ ባለሱቅ የማያገኘው ግድግዳና ጣሪያ አለው። በሩ እንደኛ በር ወደ ጎን አይከፈትም፤ ሙሉውን ሽቅብ ተነሥቶ ጣሪያው ሥር ይተኛል። ከባድ ነው፤ ግን አሮጊት በአንድ እጇ ታነሣዋለች። የሚያነሣላት ግራና ቀኝ የተወጠረው ሞላ፣ ተለጥጦ መልሶ የሚሰበሰብ ጥምዝ ብረት ነው። የእኔ እንጀራ ያ ሞላ ሆነ።

አሠሪዬ ሄር ቤከር ይባላሉ፤ ሄር ማለት አቶ ማለት ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲናደዱ ጆሯቸው የሚቀላ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሞላ እናገጣጥማለን። ሞላው ባዶውን ይመጣል፤ በአንድ ጫፉ መንጠቆ፣ በሌላው ጫፉ ረጅም ቡሎን እናስገባበታለን፤ በመሀሉም የብረት ገመድ እናሳልፋለን። ሞላው አንድ ቀን ቢበጠስ ገመዱ ይዞ ያስቀረዋል፤ አለዚያ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። ከዚያ ወደ ሰው ቤት እንሄዳለን። በሩን ሽቅብ ከፍተን ከሥሩ ባላ እናቆማለን፤ በሩ ሲከፈት ሞላ የሚገባበት ቦታ ይላላልና። መንጠቆውን ከበሩ ክንድ፣ ቡሎኑን ከግድግዳው ብረት ላይ አስገብተን ቡሎኑ ላይ የሚዞረውን ዳዶ እናጠብቃለን። በመጨረሻ ባላውን አንሥተን በሩን እስከ ወገብ አውርደን እንለቀዋለን። ካልወጣም ካልወረደም፣ ከተውነው ቦታ ከቆመ፣ ሄር ቤከር «ዞ» ይላሉ፤ «በቃ፣ ሆነ» እንደ ማለት ነው። ሙሉ ቀን ሌላ ቃል ላይናገሩ ይችላሉ።

ብቸኝነቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ? እኛ ዘንድ ሰው ሲገናኝ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ እግሩ ቁርጥማት ሳይጠያየቅ አይላቀቅም። እዚህ «ሞርገን»፣ ደህና አደርክ፣ ይሉና አለቀ። ምሳ ሰዓት ሁሉም የየራሱን ዳቦ ከወረቀት ይፈታል፤ እንካ ብሎ ነገር የለም። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ዳቦዬን ቆርሼ ለሄር ቤከር ዘረጋሁላቸው። ዳቦው የተበላሸ መስሏቸው አሸተቱት። ዳቦአቸው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፤ በዚያ ኮምጣጣነቱ እንጀራ እንዲመስለኝ አንዳንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ አኝከው ነበር። ብርዱ ደግሞ የቾቄ ተራራ ብርድ አይደለም። የቾቄ ብርድ ፀሐይ ሲወጣ ያፍራል፤ ይህ አያፍርም።

የምኖረው ፍራው፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ክሉገ ከሚባሉ ባልቴት ቤት፣ ፎቅ ላይ ካለች አንድ ክፍል ነው። ክፍሏ አልጋ፣ ወንበርና ትልቅ ቁም ሣጥን አላት። የቁም ሣጥኑ ግማሽ ተቆልፏል፤ የሟች ባላቸው ካፖርቶች አሉበት። ከታች ጋራዥ አለ፤ ውስጡም የባላቸው መኪና። ሴትዮዋ መንዳት አይችሉም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግን የጋራዡን በር ከፍተው መኪናው ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ይቀመጣሉ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ትንሽ ይቆዩና ወጥተው ይዘጋሉ። እኔ ከመስኮቴ አያቸው ነበር፤ ሲያዩኝ ግን መጋረጃውን እለቅ ነበር።

ሁለተኛው ክረምት ሲጋመስ ብርቄን ማምጣት አለብኝ ብዬ የውጭ አገር ሰዎች ቢሮ ሄድሁ። ቆዳው የነጣ፣ ክራቫቱ የጠበበው አንድ ወጣት ተቀበለኝ።

«ሚስትህ የት ትተኛለች?» አለኝ።

«ከእኔ ጋር» አልኩ።

«እሱን አልጠየቅሁም። ስንት ካሬ ሜትር ላይ?»

«ቀጭን ናት» አልኩት።

አልሳቀም። የቤቱ ባለቤት ክፍሉ ለሁለት ሰው ነው ብላ ካልፈረመች ፋይሉ አይከፈትም አለኝ። ፍራው ክሉገን ስጠይቃቸው ደግሞ «ክፍሉ የአንድ ሰው ነው፣ አስብበታለሁ» ብለው ሳህናቸውን ማጠብ ቀጠሉ። እንግዲህ ትዳሬ ከሳህን አጣቢ ሴትዮ ሐሳብ ላይ ተንጠለጠለ። ክረምቱ አለቀ፣ መስከረም ጠባ፣ እሳቸው አሁንም ያስባሉ።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። አንድ ሞላ ሲበጠስ ሄር ቤከር ሁለቱንም ይለውጣሉ። ደህናውን፣ ገና ጉልበት ያለውን፣ አውልቀው የቆሻሻ ብረት በርሜል ውስጥ ይወረውሩታል። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ይህ አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር። እኛ ቤት፣ ቢቸና ዙሪያ፣ ከጥማዱ አንዱ በሬ ሲሞት የተረፈውን ማን ይጥለዋል? አባቴ በሬው የሞተበት ዓመት፣ በሬ የሞተበት ሌላ ጎረቤት ፈልጎ መቀናጆ ገባ። የእኛ አንድ፣ የእነሱ አንድ፤ አንድ ቀን ለእኛ፣ አንድ ቀን ለእነሱ ይታረሳል። በዚያ መቀናጆ ነው እኛ ያደግነው። ስለዚህ ደህና ደህናዎቹን ሞላዎች ልውሰድ ብዬ ጠየቅሁ። ሄር ቤከር ትከሻቸውን ነቅንቀው ፈቀዱ፤ እኔም ከወርክሾፑ ኋላ ደረደርኳቸው።

የሞላዎቹ ጫፍ ላይ ቀለም ይቀባል፤ አንዳንዱ ቀይ፣ አንዳንዱ ነጭ፣ አንዳንዱ ቢጫ። ሄር ቤከር ሁልጊዜ ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ቀለም ይገጥማሉ። በጣታቸው እያሳዩ ይነግሩኝም ነበር፤ ቋንቋው ግን አልገባኝም። ይህ ሕዝብ መጋረጃና መጋረጃ፣ ጽዋና ሳህን ማመሳሰል ስለሚወድ ለውበት መሰለኝ። አባቴስ በሬ ሲቀናጅ ጉልበቱን እንጂ ቀለሙን መቼ ያያል?

በብርዱ መሀል አንድ ጠዋት ከጋራዡ ጥይት የመሰለ ድምፅ ተሰማ። የፍራው ክሉገ በር አንዱ ሞላ ተበጥሶ ነበር። እሑድ መጣ፤ ሴትዮዋ በሩን ለማንሣት ሞከሩ፣ አልቻሉም። ጓንታቸውን አጥልቀው በሩ ፊት ትንሽ ቆሙና ወደ ቤት ተመለሱ። እኔም ከመስኮቴ ሆኜ አሰብሁ። ይህን በር ባነሣላቸው ብርቄ መጣች ማለት ነው። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ካስቀመጥኋቸው መካከል ቁመታቸው የተካከለ ሁለት ሞላ መርጬ አመጣሁ። ሁለቱም ከየበራቸው የተረፉ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። ሌላኛው የእሳቸው ሞላም ላልቶ ስለነበር ሁለቱን አሮጌዎች አውልቄ እነዚህን ቀናጀኋቸው። በሩ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል የደከመውን ጎን ዳዶ አጥብቄ አጥብቄ አስተካከልሁት። እስከ ወገብ አውርጄ ለቀቅሁት፤ ቆመ። «ዞ» አልኩ ለራሴ።

ፍራው ክሉገ አዩና ደስ አላቸው፤ የፖም ኬክ ላኩልኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ሰው ያቀመሰኝ የመጀመሪያው ምግብ ነው። ቀስ ብዬ በላሁት።

በሚቀጥለው እሑድ በሩን ሊከፍቱ ያዙት። ጠንካራው ሞላ የራሱን ጎን ስቦ አወጣ፤ የደከመው ቀረ። በሩ ተጣሞ ከሐዲዱ ወጣና አንዱ ማዕዘኑ የመኪናውን ግንባር መታው። ሴትዮዋ ውጭ ስለነበሩ ምንም አልሆኑም። ስወርድ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የተጎደጎደውን ብረት ያያሉ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። በሩን ላቃና መዶሻ ባነሣ ጎረቤቱ ከአጥር ወዲያ «እሑድ ነው!» ብሎ ተቆጣ። እዚህም እንደኛ በዓል ይከበራል ማለት ነው፤ የሚከበረው በእኔ ላይ ሆነ እንጂ። በሩ እንደተጣመመ አደረ። እኔም ሳልተኛ ብርቄን አስብ ነበር።

ሰኞ ሄር ቤከር መጡ፤ ጆሯቸው ቀልቷል። አዲስ ጥንድ ገጠሙ፣ ሐዲዱን አቃኑ። ሲጨርሱ ሁለቱን የእኔን ሞላዎች አንሥተው ጫፋቸውን አሳዩኝና ቃላቸውን እየቆራረጡ፣ ለልጅ እንደሚነገር አድርገው ነገሩኝ። ቀይ ለከባድ በር ነው፣ ነጭ ለቀላል በር ነው፤ ቀለሙ ጉልበቱ ነው። «አንድ ቀለም እንኳ ቢሆኑ» አሉ፣ «ሞላ ዓመት በዓመት ከራሱ በር ጋር ይለጠጣል። ከሌላ በር ሞላ ጋር እኩል አይስብም።» ብጠይቃቸው ይሻል እንደነበር ተናግረው ሄዱ። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ነበር፤ አላባረሩኝም።

ፍራው ክሉገ ግን «ሞርገን» ማለት አቆሙ። ያቺ አንዲት ቃል ስንቅ እንደነበረች ያወቅሁት ስትቀር ነው። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ወደ ግድግዳ እጠጋ ነበር።

ብርዱ ሊለቅ ሲል አንድ ቀን ማታ በሬን አንኳኩ። ቆመው ለምን አዲስ ሞላ እንዳላስገባሁ ጠየቁኝ። በማውቃት ጀርመንኛ መቀናጆን ልነግራቸው ሞከርሁ። የአንተ በሬ ሞተ፣ የእኔ በሬ ሞተ፣ የተረፉት አብረው ያርሳሉ አልኩ። ቀንበሩን በእጄ አሳየሁ።

«በሬዎቹ ይስማማሉ?» አሉ።

«መጀመሪያ ይዋጋሉ። በኋላ ይላመዳሉ።»

ወንበሬን ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ከገባሁ ጀምሮ ጠይቀውኝ የማያውቁትን ጠየቁኝ፤ ሚስትህ ማን ትባላለች አሉኝ። ብርቄ አልኳቸው። «ቢርከ? እሱ እኮ በእኛ ቋንቋ ዛፍ ነው» ብለው በመስኮቱ ግቢው ውስጥ ያለውን ግንዱ የነጣ ዛፍ አሳዩኝ። ሳቅ ብለው ወረዱ። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ የተቆለፈው የቁም ሣጥን ግማሽ ተከፍቶ፣ ካፖርቶቹ ወጥተው፣ ባዶ መስቀያዎች ተሰቅለውበት አገኘሁ። የቢሮውንም ወረቀት ፈረሙልኝ።

ቢሮው ግን እስከ ሰኔ አጓተተኝ። ፈቃዱ በእጄ ሲገባ ለደብዳቤ ጊዜ የለም ብዬ፣ ብርቄ ሞጣ ቴሌ እንድትቀርብ መልእክት አስነግሬ፣ በቀጠሮዬ ቀን ፖስታ ቤቱ የስልክ ክፍል ውስጥ ገባሁ። መስመሩ ከአገር አገር ሲቀባበል ቆየና በመጨረሻ የሞጣው ኦፕሬተር ድምፅ መጣ። የጥንት ደንበኛዬ ነው፤ የቢሮውን መስኮት የሠራሁት እኔ ነኝ። «ታከለ፣ ድምፅህ ወፍሯል፣ ይመቸሃል መሰለኝ!» አለኝ። ከዚያ ስልኩን ለብርቄ ሰጣት፤ ከጎኗ ግን አልራቀም።

«ተፈቀደ፣ ነይ» አልኳት። ሌላ ሰላምታ አልመጣልኝም።

መስመሩ ይንጫጫል። 

«እማማ ከወደቀች ሰነበተች» አለችኝ። «ግራ ጎኗ አይታዘዝም። እንዳትነግሪው ብላ አስምላኝ ነው። እኔ ነኝ የማገላብጣት። ጥያት አልመጣም፣ ታከለ።»

ያኔ እመጣለሁ ማለት ነበረብኝ። በልቤ ብዬዋለሁ፤ ግን ከሄድኩ የመመለሻ በር የለኝም፣ ሞጣ ገብቼ ደግሞ ምን ይዤ? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ሳስብ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«በሩስ? ደህና ይዘጋል?» አልኳት።

«ወርዷል። መሬቱን እየፋቀ ነው። ማታ ማታ ድንጋይ አስደግፌ ነው የምንተኛው።»

እኔም ማስረዳት ጀመርሁ። ከሥሩ ባላ አስደግፋችሁ ከፍ አድርጉት፣ የማጠፊያውን ዘንግ አውጡ፣ ሮንዴላ አስገቡበት አልኩ። ሮንዴላ ምንድን ነው አለች። መሀሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት አልኩ። አልሰማችም። ኦፕሬተሩ ስልኩን ተቀብሎ «ሮንዴላ ይልሻል! ቀዳዳ ያለው!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ላይኛው ማጠፊያ ላይ ነው ታችኛው ላይ እየተባለ የተሰጠን ጊዜ ሄደ። ናፈቅሽኝ እንኳ አላልኳትም።

«ይህ የሚንጫጫው መስመሩ ነው?» አልኳት።

«መስመሩ አይደለም። ዝናብ ነው፤ የቴሌው ቆርቆሮ ላይ ነው። ዛሬ ገባ።»

ሦስተኛው ክረምት መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ሁለታችንም አላነሣነውም። 

«በሩን ተወው፣ አትጨነቅ» አለችኝ። «የሚያነሣልኝ ሰው ፈልጌ አሠራዋለሁ።» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ ዝናቡም አብሮ ጠፋ።

ስወጣ ፀሐይ ነበር። እዚህ አገር በሰኔ ማታም ፀሐይ አለ፤ ሰው ሁሉ አደባባይ ወጥቶ አይስክሬም ይልሳል። ፍራው ክሉገ አጥሩ ጋ ቆመው ጠበቁኝና መቼ ትመጣለች አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ደግመው አልጠየቁኝም፤ እሑድ እንደ ልማዳቸው መኪናው ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ግን ቀና ብለው ወደ መስኮቴ አዩ፤ እኔም መጋረጃውን አልለቀቅሁም። የቁም ሣጥኑ ግማሽ እንደተከፈተ ነው፤ ልብሴን በሌላው ግማሽ አጭቄ እሰቅላለሁ።

በማግሥቱ ሄር ቤከርን ለምኜ ሁለት ሮንዴላ ወሰድሁና በፖስታ ወደ ሞጣ ላክሁ። ለማጠፊያው ልክ ናቸው፣ ማጠፊያውን የሠራሁት እኔ ስለሆንሁ አውቃለሁ። የሞጣው ኦፕሬተር መድረሳቸውን በስልክ ነግሮኛል። በሩን ማን እንዳነሣው ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።